የሩዝ ውሃ ብርድ

ሰውዬው ከአስፋልቱ እስከ ግቢዬ በር ድረስ ሦስት ጊዜ ቆመ። በመስኮት እያየሁት ነበር። መጀመሪያ የጎረቤቴን የቆርቆሮ አጥር ተደገፈ። ቀጥሎ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አጎነበሰ። በሦስተኛው በሩ ላይ ደርሶ ሳያንኳኳ ቆመ፤ ለማንኳኳት የሚበቃ ትንፋሽ እስኪመለስለት ነው። አጎንብሶ ሳለ አንድ ባለባጃጅ «አባባ፣ ላድርስዎ?» ሲለው በእጁ አሰናብቶት ነበር። ያን ጊዜ ሊደርስ የቀረው አሥር እርምጃ አይሞላም ነበር።

አወቅሁት። ከባለቤቴ ጋር ወረታ መገንጠያው ላይ ባለው የጭነት መኪናዎች ጋራዥ ውስጥ አብሮ የሠራ ሰው ነው። ሁለቱ የፍሬን ሠራተኞች ነበሩ፤ ምሳቸውንም ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። እሱ ከባለቤቴ በዕድሜ ያንሳል፤ በዚያ ቀን ግን በዕድሜ የሚበልጠው መሰለኝ።

በሩን ከፈትሁለት። ገብቶ ወንበሩ ድረስ መድረስ አቃተውና በሩ አጠገብ ካለው የእንጨት ሳጥን ላይ ተቀመጠ።

«ኧረ ወንበር ላይ ሁን» አልሁት።

«ቅርቡ ይሻለኛል፣ እትዬ። ወንበሩ ሩቅ ነው።»

ወንበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ነው። ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶ ሲያበቃ የመጣበትን ነገረኝ፤ ንግግሩን በየመሐሉ እየቆረጠ፣ የተቆረጠውን ደግሞ በእጁ እያሳየ። ባሕር ዳር ሄዶ ተመርምሯል። ሳንባው ተጎድቷል። የጎዳው የመኪና ፍሬን ሸራ አቧራ ነው፤ ሸራው ውስጥ አስቤስቶስ የሚሉት ነገር አለበት፤ ያ ነገር አንዴ ሳንባ ውስጥ ከገባ አይወጣም። መድኃኒት የለውም ብለውታል። ነገር ግን በሥራ ምክንያት የመጣ በሽታ ስለሆነ ሕጉ ካሣ ያስከፍላል። ጋራዡን ከሷል። በነፃ የሚረዳው አንድ ወጣት ጠበቃ አለ።

«ጋራዡ ምን ብሎ መለሰ መሰለዎት? በዚህ ሥራ ታሞ የሞተ ሰው የለንም አለ።»

የጠጣበትን ብርጭቆ ተቀበልሁት።

«ጠበቃው ደግሞ እንዲህ አለኝ፤ ከዚያው ክፍል ሌላ አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ በዚሁ በሽታ ታሞ የሐኪም ወረቀት ካለው ነገሩ ይለወጣል። እኔ ያን ጊዜ ባለቤትዎን አስታወስሁ። ጎንደር ይዘውት ሄደው አልነበር? ሐኪሟ ወረቀት ጽፋልኛለች ብሎ አጫውቶኛል። ያ ወረቀት ይኖራል ብዬ ነው የመጣሁ።»

«የለም» አልሁ።

«የራጁ ፊልምስ?»

«የበሽተኛ ዕቃ አይቀመጥም ተብሎ ተቃጠለ።»

ማን እንዳቃጠለው አልጠየቀኝም። የተቃጠለ ነገር የለም። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ፣ ጥቂት አረፈ፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። «ምንም አይደል፣ እትዬ። ቸግሮኝ ነው ያስቸገርሁዎት» ብሎ ሄደ። ሲመለስ አራት ጊዜ ቆመ።

እሱ ከዓይኔ ሲጠፋ የተቀመጠበትን ሳጥን ከፈትሁ። ለመገነዣዬ ያስቀመጥሁት ነጭ ሸማ ከላይ ነበር። ከሸማው በታች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቴ፤ ከእሱ በታች ቢጫው ፖስታ። ወረቀቱም ፊልሙም በውስጡ ነበሩ። ፊልሙን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጌ የባለቤቴን ጎድን አጥንቶች አየሁ። መልሼ አስቀመጥሁት፤ ሳጥኑንም ዘጋሁ።

ይህን ያደረግሁበት ምክንያት አለ። ምክንያቱ ግን ነገሩን አያሳምረውም።

ወረታ መንገድ ከመንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። ከደብረ ታቦር በኩል ቁልቁለቱን የሚወርዱ ጭነት መኪናዎች መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ጎማቸው ይሸታል። ባለቤቴና ባልደረባው ጎማውን አውልቀው፣ ፍሬኑ የሚቀመጥበትን ከበሮ መሳይ ብረት ከፍተው፣ ውስጡ የተጠራቀመውን ብናኝ በኮምፕሬሰር አየር ይነፉታል። ከዚያ ያለቀውን ሸራ ነቅለው አዲሱን ይመታሉ፤ አዲሱ አልገጥም ካለ ይሞርዱታል። ሲሞርዱት እንደ አመድ የላመ ብናኝ ይወጣል። ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ላይ ያ አመድ አለ። ቱታውን አጥር ላይ አንጠልጥዬ በዱላ አራግፈዋለሁ። አፈር ነው ብለን ነበር። በበጋ የመንገዱ አቧራ፣ ከሩዝ ወፍጮው የገለባው አቧራ፣ ከዚያ ላይ የጋራዡ አቧራ። ወረታ የሚኖር ሰው አቧራን ከአቧራ አይለይም። ስም ያለው አቧራ እንዳለ የነገረን አልነበረም።

መጀመሪያ ደረጃ ሲወጣ ማለክለክ ጀመረ። ቀጥሎ ደረቅ ሳል መጣ። እዚህ ጤና ጣቢያ የሰጡት መድኃኒት ምንም ሳይለውጥ ሲቀር ጎንደር ይዤው ሄድሁ። የመረመረችው ሐኪም ልጅ እግር ነበረች። ፊልሙን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ብዙ አየች።

«አባባ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«የሚሄድ መኪና አቆማለሁ።»

«ትራፊክ ነዎት?»

«ትራፊክማ የቆመውን ነው የሚቀጣው። እኔ የሚሄደውን ነው የማቆመው።»

ሐኪሟ ሳቀች፤ ከዚያ ስለ ፍሬኑ ሥራ አንድ በአንድ ጠየቀችው፤ ስትሰማው ሳቋ ጠፋ። ወረቀቱን እየጻፈች ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «የሳንባ ነቀርሳ አይደለም፤ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። ከሥራው አቧራ የመጣ ነው። ይህንን ለሚሠሩበት ጋራዥ ያሳዩ፤ መብታቸው ነው» አለችኝ። ይህን ሁሉ በግልጽ ነው የነገረችኝ። አልገባኝም ማለት አልችልም። በትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ስሠራ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ወረቀት ማንበብ ሥራዬ ነበር።

በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ወረቀቱን ደጋግሜ አነበብሁት። ከተጻፈው ሁሉ ዓይኔ የሚሄደው «ሳንባ» ከሚለው ቃል ላይ ነበር። በእኛ አገር ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ የሚመጣውን የሚሰማ የለም። አይደለም ቢሉት፣ አይተላለፍም ቢሉት፣ ሰው ሰምቶ የሚሄደው ያችኑ ቃል ነው። ማንም ክፉ ቃል አይናገርህም። ዋንጫህን ብቻ ለይተው ያጥባሉ። ድግስ ላይ አጠገብህ ያለው ሰው ቀስ ብሎ ቦታ ይቀይራል።

በዚያ ሳምንት ደግሞ ከአንበሳሜ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነበር። ለልጄ ነው። ሽማግሌ ስለ ልጅቷ ይጠይቃል፤ ስለ ቤቱ ጤና ደግሞ ሳይጠይቅ ያጣራል።

መናኸሪያው ላይ ስንወርድ መጀመሪያ ያገኘነው የእድራችንን ዳኛ ነው። ጎረቤታችን ነው፤ የአንድ አጥር ሰው። ድምፁ ከፍ ያለ ስለሆነ መናኸሪያው ሁሉ ሰማው።

«እህ፣ ምን አሏችሁ?»

ባለቤቴ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ቀደምሁት።

«ብርድ ነው» አልሁ። «ነሐሴ ላይ ሩዝ ውሃ ውስጥ ቆሞ የገባው ብርድ ነው።»

«አላልሁም ነበር?» አለ ዳኛው። «የጋራዥ ሰው ሩዝ ውስጥ ምን አገባው! ለአልቅት ደሙን ሊሰጥ ነው?»

በይፋግ በኩል ከእናቱ የደረሰችው ትንሽ መሬት ነበረችን፤ ለእኩል አራሽ ሰጥተናት ነው የምንኖረው። በዚያ ክረምት አራሹ ሰው ስላነሰው ባለቤቴ ሁለት ቀን ሄዶ አብሮት አርሟል። ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ሲቆም ያየው ሰው አለ። ውሸቴ መቆሚያ እግር ነበረው ማለት ነው። ፎገራ ላይ ደግሞ ሩዝ ውሃ ውስጥ ያልቆመ ሰው ስለሌለ ሁሉም ከራሱ ቁርጥማት ጋር እያስተያየ አመነኝ።

ወሬው በሁለት ቀን ከተማውን ዞረ። አንዷ ፌጦ ላከች፤ ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት በማር። ዳኛው ልጆቹን «ያንን ሰው አይታችኋል፤ ከውሃው እየወጣችሁ እግራችሁን ሙቀት አስይዙ» ይላቸው ጀመር። እኔም አንዴ ከጀመርሁት በኋላ አዳበርሁት። በየት በኩል እንደገባው፣ ስንት ሌሊት እንዳንቀጠቀጠው ለጠየቀኝ ሁሉ ተረክሁ።

ባለቤቴ ቤት ውስጥ ይቀልድብኝ ነበር።

«እንግዲህ ሩዙን ልክሰሰው ይሆን?»

«ዝም በል፣ ሰው ይሰማል።»

«ምን ይላል ሩዙ? እኔ ሁለት ቀን ነው ያየሁት ይላል እኮ።»

አንድ ሰኞ ጠዋት ልብሱን ለብሶ ወረቀቱን ጠየቀኝ። ለጋራዡ ሊያሳየው ነው። ሠርጉ ይለፍ አልሁት። እሺ አለ። ሠርጉ አለፈ። የልጅ ልጃችን ክርስትና ይለፍ አልሁት። ያ ሲያልፍ እሱ መጠየቁን ተወ።

ስለ ሠርጉ አንድ ነገር ልጻፍ። እንግዳ እንዳይሰማው በማለት ቀኑን ሙሉ ጓዳ አስቀመጥሁት። ሳሉ ሲመጣ ጋቢውን አፉ ውስጥ ይጨምራል። ልጃችን ስትወጣ መመረቅ ስላለበት አወጣሁት። ጉልበቱን ስማ ቀና ስትል፣ «ልጄ፣ ውለጂ፣ ክበጂ፣ የምትረግጪው መሬት…» ብሎ ጀመረ፤ ትንፋሹ አላደርስ አለው። ሦስቴ ሞክሮ እዚያው ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እኔ ከኋላው ሆኜ «ሆድ ብሶት ነው» አልሁ። ሴቶቹ እልል አሉ። ልጄ አባቷ መርቆ ሳይጨርስላት መኪና ውስጥ ገባች።

ሲሞት ለቅሶው ላይ «ያ ሩዝ በላው» ተባለ። የጋራዡ አስተዳዳሪ መጥቶ እጄን ጨብጦ፣ «ወይ የእርሻ ነገር! እኛ ዘንድ ተቀምጦ ቢሆን» አለኝ። አዎ አልሁት። አዎ ነው ያልሁት።

ሰውዬው ወረቀት ፍለጋ መጥቶ የሄደው ግንቦት ላይ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት የእድሩ ዳኛ ዝናብ እየመታው ወደ ቤቴ ገባ። ጫማውን በሩ ላይ አወለቀ፤ ፊቱ በርቷል።

«ፍርድ ቤት ውዬ መጣሁ» አለኝ።

«ምን አገባህ ፍርድ ቤት?»

«ጋራዡ ምስክር ቆጥሮን ነው። እኔንና ሁለት የእድር ሰዎችን። ያ የባልሽ ባልደረባ ከስሶ የለም? ባልደረባዬም የሞተው በዚሁ አቧራ ነው ብሎ ተናገረ። የጋራዡ ጠበቃ እኛን ጠራና፣ ሟች በምን ሞተ? አለን።»

እጄ ላይ የያዝሁትን ጣሳ አስቀመጥሁ።

«መጽሐፍ ቅዱሱን ይዤ እውነቱን ተናገርሁ። ባለቤቱ እራሷ ከሐኪም ቤት ስትመለስ መናኸሪያው ላይ ነግራኛለች፤ የሩዝ ውሃ ብርድ ነው የገደለው አልሁ። ሁለቱም እንደዚያው። ጠበቃው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ወደ ከሳሹ ዞረና፣ አንተስ ሩዝ አለህ? አለው። አለኝ አለ። ውሃ ውስጥ ትቆማለህ? እቆማለሁ አለ፤ ምን ይበል? እንግዲህ ብሎ ቁጭ አለ ጠበቃው።» ዳኛው ሳቀ። ቀጥሎ አሳዘነው መሰለኝ ሳቁን አቆመ። «ሰውዬውስ ታሟል፤ መታመሙንማ ማን ይክዳል። ግን እውነት እውነት ነው።»

«ምን ተወሰነ?»

«ተጨማሪ ማስረጃ ካለው ያምጣ ተባለ። ፍርድ ቤቱም ለክረምት ሊዘጋ ነው፤ ለጥቅምት ተቀጠረ።»

ያን ጊዜ፣ ሳጥኑ ከሁለታችን መሐል ሆኖ፣ ልነግረው እችል ነበር። «ጠላ ላምጣልህ?» አልሁት። አምጪ አለ። ጠጥቶ ሄደ።

የዋሸሁት ሠርግ እንዳይበላሽብኝ ነበር። አሁን ውሸቴ ጠበቃ ሆኖ ለጋራዡ ይከራከር ነበር፤ ሦስት ቅን ሰዎችም መጽሐፍ ይዘው ማሉለት።

ክረምቱ ገባ። ውሃው ሜዳውን ከሐይቁ አገናኘው። ጠዋት ጠዋት ሰዎች ሱሪያቸውን ጠቅልለው ለአረም ሲወርዱ በቤቴ በኩል ያልፋሉ፤ እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ዓይናቸውን እሸሻለሁ። ሰውዬውን አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አየሁት። ደረጃውን መውጣት ስለማይችል ከውጭ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ጃንጥላ ይዛለታለች። እንዳያየኝ በሌላው በር ወጣሁ። አየኝ መሰለኝ፤ እጁን ለሰላምታ አንስቶ ነበር።

በፍልሰታ ጾም ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስጨርስም ሳይከፍቱት ጠየቁኝ።

«ወረቀቱ አለ?» አሉኝ።

«አለ፣ አባ።»

«በደንብ ይነበባል?»

«ይነበባል።»

«ስግደቱን ተይው፤ ጉልበትሽም አይችል። ወረቀቱን ለዚያ በሽተኛ ስጪ።»

«በእርስዎ እጅ ቢደርሰው ብዬ ነበር፣ አባ። ፖስታውን አሽጌ…»

ዓይናቸውን ገለጡ።

«እኔ ፖስታ ቤት ነኝ፣ ልጄ? ስትዋሺ በአደባባይ ነው፤ ስትመልሺ በጓዳ ልታደርጊው ነው?»

ያኔ ተነሥቼ ብሄድ ጥሩ ነበር። አልሄድሁም። ጾሙ ይፈታ አልሁ። ዘመኑ ይለወጥ አልሁ። መስቀል ይለፍ አልሁ። ለባለቤቴ ስሰጠው የነበረውን መልስ ለራሴ እየሰጠሁት እንደሆነ የገባኝ ደመራው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

መጨረሻ ላይ ለልጄ ደወልሁላት። ባልሽ ቤት ነገሩ ይሰማል፤ አማትሽ ታውቃለች፤ ላስቀድምልሽ ብዬ ነው አልኋት። ሁሉንም ነገርኋት።

«አባባ ሠርጌ ላይ ሆድ ብሶት አልነበረም ማለት ነው?» አለችኝ።

«አልነበረም።»

«እኔ አንድም ቀን ደብቂልኝ ብዬሻለሁ?»

«አላልሽም።»

«እንግዲያው በእኔ አታመካኚ፣ እናቴ።»

ስልኩን ዘጋችው። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

የጥቅምቱ ቀጠሮ ዕለት ፖስታውን በነጠላዬ ሥር ይዤ ፍርድ ቤት ሄድሁ። ሰውዬው በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ከወጣቱ ጠበቃ ጋር ተቀምጧል። የሰውዬው ልጅ በባጃጅ እስከ ደረጃው ድረስ አምጥቶታል አሉ። የእድሩ ዳኛም ወሬ ሊሰማ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። በክረምቱ ሰውዬው በጣም ወርዷል፤ የኮቱ አንገት ከአንገቱ ጋር አይገናኝም። ፊቱ ቆምሁ። ፖስታውን ጭኑ ላይ አስቀመጥሁለት።

ፊልሙን ሳብ አድርጎ አየ። ወረቀቱን ጠበቃው ተቀብሎ አነበበው። ከዚያ ጠበቃው ወደ እኔ ቀና ብሎ፣ «እናቴ፣ ምስክር ይሆናሉ?» አለኝ።

«ለዚያ ነው የመጣሁ።»

ውስጥ ስገባ አስማሉኝ። የመሐል ዳኛዋ ልጄ የምታክል ሴት ናት። ወረቀቱን ከማን እንዳገኘሁት፣ መቼ እንደተጻፈ ጠየቀችኝ፤ መለስሁ። ባለቤቴ ሩዝ እርሻ ላይ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

«በዚያ ዓመት ሁለት ቀን ሩዝ ውስጥ ቆሟል» አልሁ። «ጋራዡ ውስጥ የቆመው ሃያ ስድስት ዓመት ነው።»

«የሩዝ ውሃ ብርድ ነው ያሉት ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ። እኔ የፈጠርሁት ነው። እነዚያ ምስክሮች የተናገሩት የነገርኋቸውን ነው።»

የጋራዡ ጠበቃ ተነሣ። ያኔ የዋሹ ሴት ዛሬ እውነት እንደሚናገሩ በምን ይታወቃል አለ። ጥያቄው ልክ ነበር።

«እኔን አትመኑ» አልሁት። «ወረቀቱን አንብቡ።»

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ «እናቴ፣ ይህን ያህል ዓመት ለምን ደበቁት?» አለችኝ።

«አፍሬ ነው።»

ሌላ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልጠየቀችኝም፤ ጻፈችው ብቻ። «አፍሬ ነው» የሚለው መልሴ መዝገብ ውስጥ ገባ። በሥራዬ ብዙ ወረቀት መዝገብ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ የራሴን ይኸው።

ስወጣ የእድሩ ዳኛ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ያ ከፍ ያለ ድምፁ የለም፤ በሹክሹክታ ነው የተናገረኝ።

«መጽሐፍ አስይዘሽ በውሸት አስማልሽኝ።»

«አውቃለሁ።»

«በሰባ ዓመቴ! ልጆቼን እንኳ እግራችሁን አሙቁ እያልሁ… ስንት ዓመት ፌጦ አስበላኋቸው!»

«ይቅር በለኝ።»

«እኔስ ይቅር ልበልሽ። የማልሁት ግን ለአንቺ አይደለም።» ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። በኋላ እንደሰማሁት ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ አርባ አርባ ስግደት ተቀብሏል። ማለዳ ማለዳ በአጥሩ በኩል ጉልበቱ ሲንቋቋ እሰማዋለሁ። ለእኔ ያልተሰጠችኝን ስግደት እሱ ሰገደልኝ። እስከ ዛሬ ሰላምታ ይሰጠኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቤቴ ገብቶ ጠላ ጠጥቶ አያውቅም።

ጠበቃው ደግሞ በዚያው ዕለት አንድ ነገር አስረዳኝ። የባለቤቴ የራሱ ካሣ ጊዜው አልፏል፤ በይርጋ ይቀራል አለ። እንዳልጠየቅሁት ነገርሁት። ላሳውቅዎ ብዬ ነው አለ።

ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ ሰውዬውን ወደ ሐኪሞች ቦርድ ላከው፤ የባለቤቴ ወረቀትና ፊልምም አብሮ ተላከ። የሩዙ ሰሞን አልፎ፣ ክምሩ ተወቅቶ፣ ወፍጮዎቹ ሌት ተቀን ሲጮኹ ከርመው፣ ጥር ላይ ሰውዬው እንደገና በግቢዬ በር ቆመ። በባጃጅ ነው የመጣው። ከባጃጁ እስከ ቤቴ በር ሁለት ጊዜ አረፈ። ብብቱ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል።

ሮጬ ወንበሩን ወደ በሩ አመጣሁለት። እሱ ግን በለመደው በኩል ሄዶ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«ተፈረደልኝ፣ እትዬ» አለኝ። «በሥራው ምክንያት የመጣ ነው ብለው ቦርዱም ፍርድ ቤቱም ጻፉ። ጋራዡ ይግባኝ ይል ይሆናል ብሎኛል ጠበቃው። ይበል። የተጻፈው ተጽፏል።» ጥቂት አረፈና፣ «አሁን ጋራዥ ያሉት ልጆች አየር አይነፉትም አሉ። ከበሮውን በውሃ እያራሱ ነው የሚያጥቡት» አለ።

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የእሱንም ስም ጽፈውታል። እዚህ ላይ ነው አሉኝ፤ ያንብቡልኝ።»

ላስቲኩን ፈትቼ አነበብሁለት። የባለቤቴ ስም በሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር፤ ከስሙ ቀጥሎ የበሽታው ስም፣ ከበሽታው ቀጥሎ ሥራው። ሩዝ የሚል የትም የለም። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ፤ ስጨርስ አመሰገነኝ። እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። መታገሥ አልቻልሁም።

«አታመስግነኝ» አልሁት።

«እንዴት አላመሰግን?»

«ግንቦት ላይ ስትመጣ ወረቀቱ ቤት ውስጥ ነበር።»

«እሱንማ ገምቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «የት ነበር ግን?»

«የተቀመጥህበት ውስጥ።»

ወደ ታች አየ። በመዳፉ የሳጥኑን ክዳን አንድ ጊዜ ዳሰሰው። ከዚያ ግድግዳውን ይዞ በዝግታ ተነሣ፤ ሊሄድ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልሁ። ዞር ብሎ ሳጥኑን አየው። ሁለት እርምጃ ላይ ያለውንም ወንበር አየው። ወደ የትም ግን አልሄደም። መልሶ እዚያው ተቀመጠ።

«ለበሩ ቅርብ እሱ ነው» አለኝ። «ውሃ ይስጡኝ፣ እትዬ።»

ሰጠሁት።